የአንበሳውና የወፏ ግንብ

ሁሌም ሲጀምር እንዲህ ነው፦ በቀኝ እጁ የሚረጨውን ቀለም ጣሳ ይወዘውዛል፤ ውስጡ ያለችው ጠጠር ቀጭ ቀጭ ትላለች። በግራው ግንቡን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ግራ እጁ ለዚህም አይታዘዝለትም፣ ጨርቁ ይወድቅበታል። ስዕል ሊስል ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሰው ስዕል ሊያጠፋ ነው።

የመጨረሻው ቃል የእሱ ካልሆነ እህል የማይወርድለት ሰው በየቤቱ አለ። በየቢሮው አለ፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አለ። የእኛ ሰፈሩ ግን የሚከራከረው በቀለም ነው። ክቡር ደራቢው እለዋለሁ፤ በሰው ሥራ ላይ መደረብ ማዕረጉ ነውና።

የጦር ሜዳው ከመስኮቴ ፊት ለፊት ያለው የተዘጋ መጋዘን ግንብ ነበር። ባላንጣው ደግሞ አንድ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ። በግራ እጁ ስለሚስል ግራኙ ይሉታል። ግራኙ ወፍ ይስላል። ክቡርነታቸው ይመጡና ወፏን በአንበሳ ያስውጧታል። በማግስቱ ወፏ አንበሳው አናት ላይ ቆማለች፤ ያውም ኩሷን ጥላበት። ያን ቀን ደራቢው ደሙ ፈልቶ ሰፈሩን በሙሉ ጥቁር ሊቀባው ምንም አልቀረው።

"አንድ ቀን እንኳ ብትተውለት ምናለ?" አልኩት በመስኮት።

"እማማ፣ እሱ ነው የሚጀምረኝ!"

"ወፍ ምን አደረገችህ?"

"ታየኛለች!"

ግንቡ ቀለም በቀለም ላይ እየተደረበበት እንደ ብርድ ልብስ ወፈረ።

ባለፈው ክረምት ግራኙ ሞተ። ሳንባው ነው አሉ። ደራቢው ቀብሩ ላይ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር፤ ጣቶቹ ላይ የደረቀ ቀለም አለ።

ከዚያ በኋላ ግንቡ ላይ አዲስ ወፍ ሳይ ክው አልኩ። ክንፏ የተንሻፈፈ፣ እግሯ የተወላገደ። ቀስ ብዬ ስጠብቅ አንድ ጠዋት አየሁት። ደራቢው ራሱ ነው። ቀኝ እጁን ኪሱ ከቶ በዚያ በማይታዘዝ ግራ እጁ ወፍ ይስላል። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ "አየኸው ይሄን ባለጌ!" አለ፣ አጠገቡ ማንም ሳይኖር። ከዚያ በቀኝ እጁ አንበሳውን ደረበባት።

"ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምንድን ነው? አሸንፈህ የለ?"

"አሸነፍኩ እማማ።" ጣሳውን አንዴ ወዘወዘ። "እንዲህ ጭር ይላል ብሎ የነገረኝ ግን የለም።"

ሰሞኑን ወፍም ቀርቷል፤ እሱም ቀርቷል። አንበሳው ብቻውን አፉን ከፍቶ ቆሟል። ያቺን የጣሳ ጠጠር ካልሰማሁ ለካ ቀኑም አይነጋልኝ። እኔው ልሞክር ብዬ ጣሳ ገዝቼ ነበር፤ መርጫዋን ለመጫን ጣቴ እምቢ አለኝ፤ የረጨሁት ጫማዬን ነው።

ስለዚህ በመጋዘኑ በኩል የምታልፉ፣ ቀለም ያላችሁ ልጆቼ፣ እባካችሁ አንበሳው አናት ላይ አንዲት ወፍ ሳሉበት። ማማር የለባትም። ብቻ ተናዶ እንዲመጣ፣ ኩሷን አትርሱ።