የክንዴ ቀለም ቁጥር

እኛ ሐበሾች ለቆዳችን ያወጣነውን ስም ያህል ለልጆቻችን እንኳ አላወጣንም። ቀይ አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጠየም ያለ አለ፣ ዓሣ የመሰለች ጠይምም አለች። ጥቁር የሚባል ሰው ግን ቤተሰብ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም፤ እሱ ሁልጊዜ ጎረቤት ነው የሚኖረው። ካላመናችሁኝ አጎታችሁን በእናታችሁ ፊት "ጥቁር ነው" በሉና ምሳ ታገኙ እንደሆነ እዩ። እኔማ ከነጭራሹ የቤት ስሜ "ቀዮ" ነው። እናቴ ነች ያወጣችልኝ፤ ቴክሳስም የገባሁት ከነቀዮነቴ ነው። እዚህ መጀመሪያ ቅጽ ስሞላ፣ ዘር በሚለው ቦታ "ጥቁር" የሚለውን ዘልዬ "ሌላ" ላይ ምልክት አደረግሁና "ሐበሻ" ብዬ ጻፍኩበት። ቅጹን የተቀበለችኝ ሴትዮ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ማኅተሟን መታች።

እንጀራዬ ቀለም ነው። ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ ባለ ጋራዥ የተጋጨ መኪና እቀባለሁ። የሥራው ጥበብ አዲሱን ቀለም ከአሮጌው ማመሳሰል ነው። ለዚህም መኪናው ላይ ሲያስጠጓት ቀለሙን አንብባ ቁጥሩን የምታወጣ፣ መዳፍ የምታህል መሣሪያ አለችን። ላሜራ የሚያቃናው ጓደኛዬ ሮላንዶ የፓናማ ሰው ነው። ከእኔ ትንሽ ጠቆር ይላል። (ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።)

አንድ ሐሙስ ይኸው ሮላንዶ ፊቱን ጥሎ አንድ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። ከፈትኩት። ውስጡ መስቀል የተሸከመ የክርስቶስ ሐውልት ተኝቷል፤ የሦስት ዓመት ልጅ ያህላል፣ ጉንጩ ቀላ ያለ፣ ዓይኑ ሰማያዊ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮላንዶ በወጣትነቱ ልቡን ታሞ ኦፕሬሽን ሲገባ፣ እናቱ በአገራቸው በየዓመቱ ሐውልቱን ተሸክመው እያዞሩ ለሚያከብሩት ለጥቁሩ ክርስቶስ ተሳሉ፤ ልጄን ካተረፍክልኝ እስክሞት በየዓመቱ ከኋላህ እሄዳለሁ ብለው። ልጃቸው ተረፈ። እሳቸውም አንድ ዓመት ሳያጓድሉ፣ አሜሪካ ከመጡም በኋላ ከአገር ይዘውት የመጡትን ትንሽ ጥቁር ሐውልት እያስያዙ ስለታቸውን ሲያደርሱ ኖሩ። ዘንድሮ ቤት ሲቀይሩ ያ ሐውልት ወድቆ ተሰባበረ። ልጅ ሆዬ ደንግጦ በኢንተርኔት አዲስ አዘዘ፤ የመጣለት ይሄ ነው። በዓሉ እሑድ ነው። እናት ካርቶኑን ከፍተው አዩና፣ "ይሄ ሰውዬ ማነው? እኔ የተሳልኩት ለሌላ ነው" ብለው ዘጉት። ከዚህ ሰውዬ ኋላ አንድ እርምጃ አልሄድም አሉ። እግራቸው ደክሟል፤ የሚመጣውን ዓመት እንደሚያዩትም እርግጠኛ አይደሉም።

ሮላንዶ ጥቁር አድርገህ ቀባልኝ አለኝ። እኔ እንግዲህ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እኛ ሥዕል እንጂ ሐውልት አናውቅም። የንስሐ አባቴን ልጠይቅ አሰብኩና መልሳቸውን ስለፈራሁ ተውኩት።

አርብ ከሥራ ስንወጣ የቀለም ናሙናዬንና ካርቶኑን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። እናቱን ዶኛ ሚልቪያ ይሏቸዋል፤ ዶኛ ያው የእኛ እትዬ ነው። ናሙናውን ዘርግቼ የትኛው ጥቁር ይሁን ብል ቤቱ ተናወጠ። ሮላንዶ ወተት የበዛበት ቡና ይሻላል አለ። አክስቱ የስንዴ መልክ ካልሆነ አሉ። ለካ እነሱም እንደኛው ናቸው። አክስቶቼ መሃል የተቀመጥኩ መስሎኝ ደስ አለኝና እኔም ቀይ ዳማ የምትሆነውን ጠቆምኩ።

እትዬ ሚልቪያ ሁላችንንም ሰሙን። ከዚያ እጅጌዬን ሰብስበው ክንዴን ሐውልቱ ላይ አጋደሙትና "ይሄን" አሉ።

በትሕትና፣ እኔ እንኳ በአገሬ ፈካ ያለ ነው የምባለው አልኩ። ሮላንዶ ሲተረጉምላቸው አክስቱ በሳቅ ከሶፋው ተንሸራተው ወረዱ። እትዬ ሚልቪያ ግን አልሳቁም።

"እኔም እስከ አርባ ዓመቴ ስንዴ ነኝ እል ነበር" አሉኝ። "ልጄ ሊሞትብኝ ሲል የጮኽኩት ወደ ጥቁሩ ነው። የሰማኝም እሱ ነው። እሱን ጥቁር ብዬ እኔ ስንዴ ልሆን አፈርኩ።"

ቅዳሜ ጋራዥ ብቻዬን ገብቼ መሣሪያዋን ክንዴ ላይ አስጠጋኋት። ትንሽ አሰበችና የአንድ ቡናማ ፒክአፕ ቁጥር አወጣች። ተሳስታ ይሆናል ብዬ ሸሚዜን ገልጬ ሆዴን አስነበብኳት፤ ፀሐይ ያላየው ቦታ ነውና ተስፋ ነበረኝ። ያው ፒክአፕ ነው። ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ፣ ከዚያ ቀለሙን በጠበጥኩ።

እሑድ ዩለስ በምትባል ጎረቤት ከተማ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ፣ ወይን ጠጅ ቀሚስ የለበሱ ሰዎች ክርስቶስን ተሸክመው ወጡ። የመጨረሻውን አንጸባራቂ ቀለም ሳልሰስት ስለደረብኩበት ፀሐዩ ላይ አዲስ መኪና መስሏል። አካሄዳቸው ሦስት እርምጃ ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ ነው፤ ፓርኪንጉን ለመዞር ሁለት ሰዓት ፈጀ። እትዬ ሚልቪያ በከዘራቸው እስከ መጨረሻው ከኋላው ሄዱ፤ ወደፊትም ወደኋላም አንዲት እርምጃ አላጓደሉም። እኔ አለቀስኩ፤ ምን ይደብቀኛል። ሕዝቡ እየተጋፋ ያን በክንዴ ቀለም የተቀባ እግር ሲስም ባለቤቴ ሰብለ ጠጋ ብላ፣ "ሶ፣ ይሄ ሁሉ ሰው አንተን ነው እየሳመ ያለው?" አለችኝ።

ከሐውልቱ ጎን ቆሜ የተነሳሁትን ፎቶ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

"ቀዮ፣ ምን ሆነህ ነው? ጠቆርክብኝ እኮ።"

"አልጠቆርኩም እማዬ" አልኳት፤ "የድሮው ቀለሜ ነው። ከፈለግሽ ቁጥሩን ልላክልሽ።"