ዳንቴል የለበሰው ዳቦ መጋገሪያ

ተረት ተረት! የላም በረት እንዳትሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ዳቦ ግን አለ። መኖሩን ነው የነገርኳችሁ፣ መበላቱን አይደለም።

በአንድ ጫካ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር በጉርብትና የሚኖሩ እንስሳት ነበሩ። ዕድር ነበራቸው፤ ዕድሩም ድንኳን፣ ድስትና ብዙ ስብሰባ ነበረው። መብራትም ገብቶላቸው ነበር። «መብራት እንዴት ጫካ ገባ?» የሚል ሰው ካለ፣ ከርከሮ እንዴት የዕድር ዳኛ ሆነ ብሎ ደግሞ ይጠይቅ።

ከሁሉም በዕድሜ የገፉት አባ ዔሊ ነበሩ። አባ ዔሊ ጥርስ የላቸውም፤ ዳቦ ሲወዱ ግን ለጉድ ነው። ዳቦ ቤቱ የአያ ጅቦ ነው፤ ያለውም ከወንዝ ማዶ ነው። አባ ዔሊ ትኩሱን ዳቦ ገዝተው፣ ጀርባቸው ላይ አስረው ይነሳሉ። ቤታቸው ሲደርሱ ዳቦው እንደ ጀርባቸው ጠጥሮ ያገኙታል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ በድዳቸው እያሹ ይመጠምጡታል።

«አንድ ቀን ትኩስ ዳቦ ቀምሼ ልሙት» ይሉ ነበር። ሰው ይስቅባቸዋል፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ነው።

ዳቦው ደግሞ በየክረምቱ እያነሰ ይሄዳል። አያ ጅቦ ሲጠየቅ፣ «ዳቦው አላነሰም፤ አፋችሁ ነው የሰፋው» ይላል። ይህን ያለው ማን እንደሆነ ልብ በሉልኝ።

አንድ እሑድ አባ ዔሊ ለዕድሩ አመለከቱ። «ልጆቼ፣ የቤት ዳቦ መጋገሪያ ማሽን የሚባል ነገር መጥቷል አሉ። ዱቄቱንና ውሃውን ትጨምሩበታላችሁ፤ ራሱ ያቦካል፣ ራሱ ይጋግራል። አንድ ገዝተን እዚሁ ሾላው ሥር ብናስቀምጥስ?»

አያ ጅቦ ከተቀመጠበት ተፈናጥሮ ተነሣ። «እጅ ያልነካው ዳቦ በረከት የለውም!»

«ያንተ እጅ የነካውማ ይኸው በየክረምቱ ያንሳል» አሉ አባ ዔሊ።

እትዬ ጃርት እሾኋን አስተካክላ ተነሣች። የግቢው ባለሙያ እሷ ናት፤ የዓመት በዓል ድፎ የሚጋገረው በእሷ ነው። «ማሽኑ ሆዱ ውስጥ የሚሽከረከር ብረት አለው አሉ። ዳቦው ሲወጣ ከታች ተበስቶ ነው። የተበሳ ዳቦ በምን አፍ ይባረካል? ደግሞስ ኮባው የት ይገባለታል?»

«ቀዳዳውን ለእኔ ተዉልኝ፤ እኔ ዙሪያውን በልቼ ቀዳዳውን አልፈዋለሁ» አሉ አባ ዔሊ።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ከርከሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ከርከሮ አንድ ነገር ሳይገባቸው ሲቀር፣ «ጥናት ይፈልጋል» ማለት ይወዳሉ። አሁንም እንደዚያው አሉ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም በአያ ጅቦ ዳቦ ቤት እየተሰበሰበ፣ ትኩስ ዳቦ እየበላ፣ ትኩስ ዳቦ ያስፈልግ እንደሆነ ማጥናት ጀመረ። ጥናቱ ጣፋጭ ስለነበር ቶሎ አላለቀም። አባ ዔሊ በየስብሰባው መጨረሻ ይደርሱና ፍርፋሪውን አይተው ይመለሳሉ።

በመጨረሻ ነገሩን የቆረጠችው እመት ጦጢት ናት። ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ውላ፣ የሰው ቤት ሁሉ አይታ መጣች።

«ጉድ ፈላ! ማዶ ያሉት ጉሬዛዎች ገዝተዋል!»

«ጉሬዛዎቹ?» አሉ ጋሽ ከርከሮ።

«ነጭ ነው፤ መስኮት አለው!»

ጋሽ ከርከሮ እጃቸውን አነሱ። «እንግዲያው ጥናቱ ተጠናቋል። ነገ ይገዛ!»

ማሽኑ በእልልታ ገባ። አባ ዔሊ ገና በጠዋት ዱቄታቸውን አስፈጭተው፣ አንገታቸው ላይ ጨርቅ አስረው ይጠብቁ ነበር። ማሽኑ ግን ቀጥታ ከጋሽ ከርከሮ ቡፌ ላይ ወጣ። እትዬ ጃርት ከገዛ ጀርባዋ እሾህ ነቅላ፣ በዚያው ዳንቴል ሠራችለት፤ አለበሰችው። የተለጠፈበትን ፕላስቲክ ማንም እንዳይልጥ ተማማሉ፤ ከተላጠ ያረጃልና።

«መቼ ነው የምንጋግርበት?» አሉ አባ ዔሊ።

«እንዴ አባ፣ ለእንግዳ ነው እንጂ!» አሉ ጋሽ ከርከሮ።

እንግዳ መጣ። ለማሽኑ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል የመጣው ብዙ ነበር። ታዲያ ባዶ እጅ አይኬድምና፣ ሁሉም ከአያ ጅቦ ዳቦ እየገዛ መጣ። ጅቦ እንዲህ ያለ ገበያ አይቶ አያውቅም። ማሽኑን የረገመው እሱ፣ አሁን ከሁሉም ቀድሞ ይቆጣለት ጀመር። «እንዳትነኩት! ዕቃ በያዡ ያምራል!» ይላል።

አባ ዔሊ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ዘዴ መጣላቸው። «ለእንግዳ ከሆነ፣ እንግዳ እሆናለሁ» አሉ። ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብተው፣ ዱቄታቸውን ተሸክመው ወጡ። ከጫካው ዳር ደርሰው ተመለሱ። ለሌላው የአንድ ጠዋት መንገድ ነው፤ ለእሳቸው ክረምት አልፎ መስከረም ጠባ።

«ቤቶች!» አሉ ከጋሽ ከርከሮ በር ላይ ቆመው። «የእግዜር እንግዳ ነኝ!»

ግቢው ተተራመሰ። ደግሞም ከልባቸው ናፍቀዋቸው ነበር። እግራቸውን አጠቧቸው፤ ከቡፌው ፊት ለፊት፣ ከክብር ቦታ አስቀመጧቸው። እትዬ ጃርት ዳንቴሉን ገለጥ አደረገችው፤ ማሽኑ አብረቀረቀ። አባ ዔሊ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ያንን ጨርቃቸውን አንገታቸው ላይ አሰሩ።

«ለእንግዳችን ትኩስ ዳቦ!» አሉ ጋሽ ከርከሮ።

እመት ጦጢት ብድግ ብላ በመስኮት ዘለለች፤ ወደ አያ ጅቦ ዳቦ ቤት በረረች። ዳንቴሉም ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ማሽኑስ?» አሉ አባ ዔሊ።

ጋሽ ከርከሮ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ። «አባ፣ እርስዎ እኮ እንግዳ ነዎት። ጋግረንበት ቢበላሽ፣ በእንግዳ ፊት እንዋረድ?»

ጦጢት ደግሞ መንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ የእንግዳውን ወሬ ስታወራ ቆይታ መጣች። ዳቦው ደርቋል። አባ ዔሊ ዳቦውን አገላብጠው አዩት፤ ማሽኑንም አዩት። ከዚያ ያንገታቸውን ጨርቅ ፈቱ።

«ልጆቼ፣ በእኔ መንቀራፈፍ ስትስቁ ኖራችኋል። እኔ ቀስ ብዬም ቢሆን የሄድኩበት እደርሳለሁ። እናንተ ግን ዳቦው ቤታችሁ ድረስ መጥቶላችሁ፣ እስካሁን አልደረሳችሁበትም።»

ይህን ብለው፣ ውሃ እንዲያመጡላቸው ጠየቁ፤ ዳቦውን ሊነክሩበት።

ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ብቻ አደራ፣ ፕላስቲኩን መጀመሪያ ላጡልኝ።