ለአንድ ደብዳቤ ሽማግሌ መላክ

በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ደብረ ብርሃን ያሉት አለቃዬ ዘጠኝ ዓመት በመሐንዲስነት መሥራቴን የሚመሰክር ደብዳቤ አልፈርምም አሉ። ያለዚያ ደብዳቤ የውጭ አገሩ ቀጣሪዬ የሥራ ቪዛ ሊያስወጣልኝ አይችልም፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዱም ይቀራል።

ሠራተኛውን ከመውደዱ ብዛት የሚያግት አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? ሕግ ጠቅሼ አልሆን ቢለኝ፣ ከአንኮበር ሦስት ሽማግሌዎች ላክሁ። እንደ ወጉ ቢሮው ውስጥ ቆመው ለመኑ።

አለቃዬም እንደ ሙሽራ አባት ተኮፍሰው፣ «ልጃችን ገና ናት፤ ዘመድ አማክረን ከፋሲካ በኋላ እንነግራችኋለን» አሉ።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። «ደስ ይበልሽ ልጄ፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አለ?» አሉኝ።

ቀጣሪዬ የሚጠብቀኝ እስከ ዓርብ ብቻ ነው። አለቃዬ ሆይ፣ እስከ ሐሙስ ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም?