ይሄይስ ቤቱ የዋለባት ሰንበት

በየትኛውም ሰፈር፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲያዩት ሥራ የቸገረው የሚመስላቸው አንድ ጎረቤት አይጠፉም። ቴፒ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ክብርት እትዬ አማረች ናቸው፤ የሰው ጊዜ ባላደራ፣ የሰንበት አዛዥ። ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን ብቅ ያደርጉና፣ «ቤት ነህ አይደል?» ይላሉ። «ነኝ» ያለ ሰው አለቀለት።

መምህር ይሄይስ በዚያ ሰንበት ቤት ነበር። መሆንም ነበረበት። ሞባይል ገና ቴፒ አልደረሰም፤ ተቀይማው ጌጫ ወላጆቿ ዘንድ የገባችው ሚስቱ ረድኤት በሰው የላከችበት ቃል አጭር ነው፦ «ቅዳሜ ወይ እሁድ ሳልነግረው እመጣለሁ። ቤት ካገኘሁት እንነጋገራለን፤ ካጣሁት ግን በቃኝ።» እውነቷን ነው። ይሄይስ ሰርግ በተባለበት ሁሉ ግጥም ሲያወርድ የሚያድር ሰው ነው፤ ስለ ፍቅር እያዜመ ፍቅሩን ብቻዋን ያሳድራታል።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ጠርጎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ አንጎራጎረ፦

የጌጫ ደመና ቁልቁል ሲወርድ አይቶ፣
ልቤ ደጅ ይጠናል እንቅልፉን ረስቶ።

አጥሩ ተንቀጫቀጨ።

«ይሄይስ! ቤት ነህ አይደል?»

«ነኝ እትዬ፤ ግን ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

«እንግዲያው ዶሮዎቼንም አብረህ ጠብቃቸው። ዓይንህ እንደሆነ ተከፍቶ ነው የሚውለው።»

ዶሮ ጠበቀ። ከዶሮው ወደ ተነቀለው ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ወደ ወላለቀው አጥር ተሸጋገረ። ሲመሽ በጸጥታ ሊጠብቅ ያሰበበትን ቀን መለስ ብሎ ቢያየው፣ ያረፈው ወንበሩ ብቻ ነበር።

እሁድ እትዬ አማረች ነጠላቸውን አጣፍተው ማኅበር ሊሄዱ ሲነሱ፣ ጓሯቸው የተሰጣውን ቡና አደራ አሉት። ቴፒ ላይ ቡና የተሰጣበት ጓሮ ያለ ሰው አይተውም፤ ሰማዩ አይታመንማ። ደርቆ ያለቀ ቡናን ዝናብ ከመታው የዓመት ልፋት ይሻግታል፤ የጎረቤቱን ቡና እያየ ያስመታ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም።

«እትዬ፣ ዛሬን እንኳ ይማሩኝ። ረድኤት ልትመጣ ትችላለች።»

«ትምጣ! ቡና አይታ አታውቅም እንዴ? ታግዝሃለች።»

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ይሄይስ በሩን ዘግቶ ወደ ጓሮው ሮጠ። ቡናውን በእጁም በደረቱም እየሰበሰበ ሸራ አለበሰው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንኳን የበር ኳኳታ፣ የገዛ ትንፋሹም አይሰማውም።

ሲመለስ ደጃፉ ላይ የሴት ጫማ የጭቃ ዱካ ጠበቀው። ባለሱቁ ጋሽ ገሠሠ ከማዶ፣ «አይ አንተ ሰው! ሚስትህ እኮ መጥታ ነበር» አሉት። «አንኳኳች፣ ተጣራች፤ ‹ድሮስ መቼ ቤት ይገኛል› ብላ እያለቀሰች ሄደች። የት ነበርክ?»

«ጓሮ።»

«የማን ጓሮ?»

ይሄይስ ሮጠ። መናኸሪያ ሲደርስ የጌጫው መኪና ተነስቷል።

ማታ እትዬ አማረች ገና ከበሩ፣ «ቡናዬስ?» አሉ።

«ቡናዎ ደኅና ነው፤ አንድ ፍሬ አልረጠበም። የፈረሰው የኔ ቤት ነው» አለና የሆነውን ነገራቸው።

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሳያዙት ወጥተው ሄዱ።

ሰኞ ማለዳ ግን ጃንጥላቸውን ይዘው ደጁ ላይ ቆመው አገኛቸው።

«ጌጫ መሄዴ ነው።»

«እትዬ፣ ለእርቅ እኮ ሽማግሌ ነው የሚላከው።»

«ሽማግሌዎቹ ምን አይተው? ቤት ነበር ብሎ የሚምል እኔ ነኝ! ከቅዳሜ ጀምሮ መች አሳረፍኩህና!»

እንደ ውለታ ነበር የተናገሩት። ይሄይስ መናኸሪያ ድረስ ሸኛቸው። መኪናው ሳይነሳ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠው መንገደኛ ጃንጥላቸውን አስይዘው፣ መስኮት አስከፍተው፣ ሾፌሩን ስለ አነዳዱ ይመክሩ ጀመር። ያንን አፍ ሌሊቱን ሙሉ ሲረግመው ነበር ያደረው። አሁን ግን መኪናው በጭቃው መንገድ ሲርቅ፣ ያው አፍ ጌጫ እስኪደርስ እንዳይደክምበት ይጸልይለት ነበር።