ቁርጠት የያዘው ላፕቶፕ

የእኛ አገር ሰው ዓይኑን ጡረታ ካስወጣ ሰነበተ። ድሮ ዓይን ሥራ ነበረው፤ በሬ የሰው ማሳ ሲገባ ያያል፣ ጎረቤት ድንበር ሲገፋ ያያል፣ ከዚያ ሽማግሌ ፊት ቆሞ «አይቻለሁ» ይላል፣ ይታመናል። ዛሬ «አይቻለሁ» ብትሉ «ቀርጸኸዋል ወይ?» ትባላላችሁ። ሰርግ ሄዶ ሙሽራዋን በዓይኑ ያየ ሰው ካለ አሳዩኝና ልሳመው። ሁሉም ስልኩን ፊቱ ላይ ገትሮ፣ መዳፍ በምታክል መስታወት ሙሽራ አይቶ ይመለሳል። ቤቱ ገብቶ ደግሞ መልሶ አያየውም። ምን ቸገረው፣ ተቀምጧል። እኔ ያለኝ ምላስ ብቻ ነው። ትንሽ አስፍታ ብታወራም ባትሪ አትጨርስም።

ወደ ነገሬ ልግባ። እኛ ከዳንግላ በጋሪ የሚደረስ ቦታ ነው የምንኖረው። እኛ ዘንድ ፈረስ እንስሳ አይደለም፤ ቤተሰብ ነው። እንዲያውም ሚስቱ ስትታመም «ነገ ይሻላታል» የሚል ሰው፣ ፈረሱ መኖ ሲተው እሱም እራት ይተዋል። አምና በጥር፣ በፈረሰኞች በዓል የጋሽ ይስማው ፈረስ ቦራ እና የጋሽ አድማሱ ፈረስ ዳማ ሜዳውን አንገት ለአንገት ጨረሱት። ጋሽ ይስማው «ቦራ ቀደመ» አሉ፤ ጋሽ አድማሱ «ዳማ ቀደመ» አሉ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። የቀደመው ፈረስ በሚመጣው ዓመት በዓል ከፈረሰኛው ሁሉ ፊት ይመራል። ሁለቱ ሰዎች አንድ አጥር ይጋራሉ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አንዱ ቢያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» አይልም።

ሽማግሎቹ ምስክር ጠሩ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሜዳውን ከቦ ቆሞ አንድ ያየ ሰው ጠፋ። ሁሉም ሲቀርጽ ነበራ። ከኋላ የቆመው የፊተኛውን ሰው ጋቢ ቀርጿል። ፊት የቆመው ደግሞ ፈረስ ሲመጣበት ሰማዩን እየቀረጸ ሮጧል። የቀረው ልየው ነው።

ልየው ቢሮ የሚሠራ የሰፈራችን ሰው ነው። ከእንጅባራ ላፕቶፕ ገዝቶ ከመጣ ወዲህ ቦርሳውን ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይዞ ይገባል፤ ሟቹን ሊመዘግብ ይመስል። በዚያን ቀን መድረሻው መስመር ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሲቀርጽ ነበር። «ቪዲዮው ላፕቶፔ ውስጥ ነው፤ ኤዲት ሲያልቅ ይቀርባል» አለ። ኤዲቱ ዓመት ፈጀ። ዓመቱን ሙሉ ልየው አንዴ ጋሽ ይስማው ቤት ዶሮ ይበላል፣ አንዴ ጋሽ አድማሱ ቤት ክትፎ ይበላል። ለሁለቱም «አይጨነቁ» ይላል። እንዲህ ዓይነት ዳኝነት ለእኔም ቢሰጠኝ ቶሎ አልጨርስም።

በዓሉ ሲቃረብ ሽማግሎቹ ሰለቻቸው። «ቪዲዮው ይዳኝ። ካልቀረበ ከወንዝ ማዶ ያሉት ፈረሰኞች ይመራሉ» አሉ። ከወንዝ ማዶ ያሉት ፈረስ ላይ ሲቀመጡ ማገዶ የተጫነ ይመስላል። እነሱን ተከትሎ መሄድ ለእኛ ሞት ነው።

ልየው ግቢው ውስጥ፣ በሁላችንም ፊት ላፕቶፑን ከፈተ። መስኮቱ ጠቆረ። ከሆዱ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ልየው አጠፋው፣ አበራው። ቀጭ፣ ቀጭ። አጠፋው፣ አበራው። የተማረ ሰው የሚያውቀው መድኃኒት ይኸው ነው ለካ።

ጋሽ ይስማው ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ለጠፉበት።

«ሆዱ ነው» አሉ። «ቁርጠት ይዞታል።»

ጋሽ አድማሱ ዓመት ሙሉ ያላናገሯቸውን ሰው ቀና ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቁርጠት ነው። ብቻ እንዳይተኛ።»

ፈረስ ለማታውቁ ላስረዳ። ቁርጠት የያዘው ፈረስ ከተኛ ይንከባለላል፣ ሲንከባለል አንጀቱ ይጠማዘዛል፣ ያኔ አለቀ። ስለዚህ አቁሞ ማንሸራሸር ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የላፕቶፕ ሆድ ሲያቃስት ሌላ ምን ይላል? ሁለቱ ላይ አልፈርድም። የምፈርደው ልየው ላይ ነው። አላውቅም ማለት ሞት መስሎ ስለታየው ክራቫቱን አስተካክሎ «በመርህ ደረጃ ልክ ናቸው» አለ።

ላፕቶፑ እንዳይተኛ ተከፍቶ፣ እንደበራ ወደ ዳንግላ በሚሄድ ጋሪ ላይ ወጣ። ጋሽ ይስማው ታቀፉት፤ ጋሽ አድማሱ ጀርባውን እያሹ፣ ልየው ባዶ ቦርሳውን ይዞ ተቀመጡ። እኔ ለቀልዱ ስል ከኋላ ተንጠለጠልኩ። የዳንግላን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ድንጋዩ ሁሉ ስም ሊወጣለት ምንም አልቀረው። ጋሪው በዘለለ ቁጥር ላፕቶፑ ቀጭ ይላል፣ ጋሽ ይስማው «አይዞህ» ይሉታል። ከተማው መግቢያ ላይ ድምፁ ቆመ።

«ተሻለው» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«ተረጋግቷል» አለ ልየው።

ሞቷል።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የምትጠግን እቴነሽ የምትባል ሴት አለች። በራሷ ሙያ የምትመካ፣ ደንበኛን ማመናጨቅ ከአገልግሎቱ አንዱ የሆነላት ናት።

«ምን አደረጋችሁት?» አለች።

«አንሸራሸርነው» አሉ ጋሽ ይስማው።

እቴነሽ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሳቋ ሲያልቅላት ነገሩን አስረዳችን። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ከሳህኑ በላይ ሳይነካው እየተንሳፈፈ የሚያነብ ቀጭን ክንድ አለ። ቀጭ ያለው ያ ክንድ መንገድ ስቶ ነው። የመጀመሪያውን ቀጭታ እንደሰሙ ማጥፋትና አለመንካት ነበር።

«ሌላ ቦታ አላስቀመጥከውም?» አለችው ልየውን።

ልየው ደረቱን ነፋ። «ሦስት ቦታ።»

«የት የት?»

«አንዱ ዴስክቶፕ ላይ፣ አንዱ ዶክመንት ውስጥ፣ አንዱ ‹በጣም አስፈላጊ› የሚል ፎልደር ውስጥ።»

«ሦስቱም እዚሁ ላፕቶፕ ላይ?»

«ሦስቱም።»

አያችሁ፣ ዘሩን በሦስት ቅል ከፋፍሎ አንድ ጎተራ ውስጥ የሚያስቀምጥ ገበሬ ብናገኝ ዘመድ ጠርተን እናስመክረው ነበር። ልየውን ግን ሰብሳቢ እናደርገዋለን።

«ስልክህ ላይስ?»

«ስልኬ ሲሞላ ከዚያ ሰረዝኩት።»

«በምን ሞላ?»

ልየው ወደ ጋሪው ፈረስ ዞረ።

እቴነሽ ብሎኖቹን ፈትታ ሀርድ ዲስኩን አወጣችና በገመድ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችው። አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። የተበላሸውን እየዘለለች የሚነበበውን ብቻ ትለቅም ጀመር። ሲግል ታሳርፈዋለች። መብራት ሄደ፤ መጣ። ሁለቱ ባለፈረሶች አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ ምጥ የያዛት ባዝራ እንደሚጠብቅ ሰው አፍጥጠው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ፋይል መውጣት ጀመረ። ልየው ወንበር ላይ። ልየው ዛፍ ሥር። ልየው የሰው መኪና ተደግፎ። ልየው ላፕቶፕ ይዞ። የቢሮው ሪፖርት ሁሉ ሲጠፋ የልየው ፊት አንድም አልጎደለም።

«እግዜር የሚያተርፈውን ያውቃል» አለች እቴነሽ፣ የምታምነው ሳይመስል።

ከዚያ ቪዲዮው ወጣ።

ባለፈረሶቹ ተነሡ። ቦራና ዳማ ከሜዳው ጫፍ ተያይዘው መጡ። አቧራ፣ ሆታ፣ አንገት ለአንገት። መስመሩ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ምስሉ ዞረና የልየው ጥርስ መስኮቱን ሞላው። «ወገኖቼ፣ እንደምታዩት ታሪካዊ ቦታ ላይ ነኝ» ይላል። ከጆሮው ኋላ ጩኸት ይሰማል፤ አንድ ጅራት ብልጭ ይላል። ካሜራው ወደ ሜዳው ሲመለስ ፈረሶቹ ላባቸው እየተጠረገ ነው።

እቴነሽ ጅራቱ ጋ መልሳ አቆመችው።

«ያ ጅራት የዳማ ነው» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«ልክ ነዎት» አሉ ጋሽ ይስማው። «ጅራቱ የዳማ ከሆነ እንግዲህ ቦራ አልፎ ሄዷል።»

ጋሽ አድማሱ ጅራቱን እንደገና ቃኙ። «እንዲያ ከሆነ የቦራ ነው።»

እቴነሽ ልየው ስልክ ላይ የጫነችውን ቪዲዮ ሰፈር ስንመለስ ሽማግሎቹ ደጋግመው አዩት። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቪዲዮው ይዳኝ ብለናል፤ ከቃላችን አንወጣም። በዚህ ቪዲዮ ከሁሉም ፊት ያለው ልየው ነው። ልየው ይምራ። በዕለቱ ስልክ ያወጣ አንመርቀውም።»

ልየው ፈረስ ተቀምጦ አያውቅም። «ለቢሮ ሠራተኛ ፈረስ አይፈቀድም» ሊል ሁሉ ዳድቶት ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በበዓሉ ቀን ጋሽ ይስማው ቦራን ሰጡት፣ ጋሽ አድማሱ ኮርቻቸውን ሰጡት። የኮርቻውን ጠፍር ሁለቱ በአንድነት አሰሩት፣ እየተሳሳቁ። ምን ያህል እንዳጠበቁት አልጠየቅሁም።

ሜዳው መሐል ላይ የሆነው ሆነ። ቦራ ባዶውን፣ ዳማ ከነጋላቢው፣ ጎን ለጎን ሰልፉን መሩት። ከወንዝ ማዶ ያሉት ከኋላ ተከተሉ።

ልየው እስከ ዛሬ እያነከሰ «በፈቃዴ ወረድኩ እንጂ አልወደቅሁም፤ ወደቀ የሚል ማስረጃ ያምጣ» ይላል። የት እናመጣለን? ሜዳ ሙሉ ዓይን እንጂ አንድ ቪዲዮ የለንም።