በሞቴ ያልተባለበት ምሳ

እኛ አገር ሰው ዝም ብሎ አይበላም፤ መለመን አለበት። ምግቡ ቀርቦለት፣ እጁን ታጥቦ፣ ሆዱ እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። አቅራቢዋም ውሸቱን መሆኑን ልቧ እያወቀ «በሞቴ» ትላለች። «ኧረ ጠግቤያለሁ» ሲላት «በሞቴ ስልህ፣ አፈር ስሆን» ትጨምራለች። አንዲት ጉርሻ ሽሮ እንድትወርድ አንድ ሰው ሁለቴ መሞትና አንዴ አፈር መሆን አለበት ማለት ነው። ይህን ባህል እወደዋለሁ፤ አድጌበታለሁ፣ ልጆቼንም አሳድጌበታለሁ። ግን መልካም ነገር ሁሉ የሚነግድበት ሰው አያጣም።

የዚህኛው ነጋዴ የእህቴ የውባለም ባል አለባቸው ነው። ደብረ ታቦርን ዞራችሁ ብትጠይቁ ስለ እሱ ክፉ የሚነግራችሁ አታገኙም። አይጠጣም፣ አይሰድብም፣ እጁን አያነሳም፤ ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ባልስ እንደ እሱ» ይላል። የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያልጣመው ነገር ሲመጣ ጋቢውን ይከናነብና መደብ ላይ ጋደም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እህል አልቀምስም ይላል። «ምን ሆንክ?» ሲሉት መልሱ «ምንም» ነው። ምን እንዳስቀየመው መገመት የእህቴ ሥራ ነው፤ ገምታ ያገኘችው ዕለት ደግሞ ያንኑ ነገር መተው አለባት። የማርያም ማኅበሯን እንዲህ አድርጋ ተወች። አንበሳሜ ከተማ የአክስታችን ልጅ ስትዳርም በዚሁ የተነሣ ሳትሄድ ቀረች። መምህርት ናት፤ ዲፕሎማዋን በክረምት ትምህርት ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ሁለት ጊዜ ዕድሉ ደረሳት። ሁለቱንም ጊዜ ሰውዬው ከመሶብ ራቀ፣ እሷም ከትምህርቱ ራቀች።

ዘመዶቿስ ምን አደረግን? ለመንን። እየሮጥን መጥተን እሷን «ምናለ ብትተይው» አልናት፣ እሱን «በሞቴ ጉረስ» አልነው። ሦስት ጉርሻ ሲውጥልን «ታረቁ» ብለን እየተመራረቅን ወጣን። ዱላ ቢያነሳ ኖሮ እኮ እናውቅበት ነበር፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሳ ተቆርጦ ያልቅ ነበር። ሰው እህል በመተው ብቻ ሌላውን ሰው ሊቀጠቅጥ እንደሚችል ግን የነገረን የለም። እሱ ይጾማል፣ እሷ ትቀጣለች፣ እኛ እናዝናለን። የምናዝነው ደግሞ ለእሱ ነው። ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል።

ዘንድሮ በሰኔ ጾም እንደገና ተጠራሁ። ዕድሉ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶላታል፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል፤ ሰውዬው ረቡዕ ጋቢውን ተከናንቧል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንቴን እየሰረሰረው ደረስኩ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ሞገስና አለባቸውን ያሳደጉት አክስቱ እትዬ ጥሩዬ ቀድመውኛል። ቄሱ ከቅዳሴ በቀጥታ ስለመጡ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ለእግዚአብሔር የጾመ ሰው፣ ሚስቱ ላይ የሚጾመውን ሰው ሊለምን መጥቶ ተቀምጧል።

«አንች ልጅ፣ ትምርቱ የትም አይሄድ፤ ለዘንድሮ እንኳ ተይው» አሉ እትዬ ጥሩዬ። «ልጄ ከስቶ አለቀኮ።»

ልጃቸውን አየሁት። ከጋቢው ሥር ያለው ጀርባ የእኔን ሁለት እጥፍ ያህላል።

ውባለም ተነሥታ አስታጠበችን፣ መሶቡን አቀረበች፣ ሽሮውንና የድንች ወጡን አወጣች። ከዚያ ወደ መደቡ ዞር ብላ «አለባቸው፣ ምሳ ቀርቧል» አለች። ቀሪውን ጠበቅን። ቀሪው አልመጣም። «በሞቴ» የለም፣ «አፈር ስሆን» የለም። ቁጭ አለች።

«ነገ ጠዋት ሄጄ እመዘገባለሁ» አለችን፣ ገበያ እንደምትሄድ ሰው።

«ኧረ ለምኝው እንጂ» አሉ እትዬ ጥሩዬ ደንግጠው።

«እትዬ፣ የራበው ይብላ። ያልራበውን ምን ብዬ ልለምነው? ስለምነው ስንት ዓመቴ።»

አሮጊቷ ታዲያ ልመናውን ራሳቸው ሊጀምሩ ወደ መደቡ ዞሩ። ቄስ ሞገስ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። «ይተዉት» አሏቸው፤ ቀጥለውም ወደ ግድግዳው ለዞረው ጀርባ ተናገሩ፦ «ልጄ አለባቸው፣ እኔ የጾምኩት ለእግዚአብሔር ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ እፈታለሁ። ያንተው ለማን እንደሆነ አላወቅሁትም፤ ስለዚህ መቼ እንደሚፈታ ልነግርህ አልችልም።» ማዕዱን ባረኩና ቆረሱ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ በግድ ዋጥኩት። ያኮረፈ ሰው አጠገብ ሳይለምኑ መብላት እንዴት እንደሚከብድ ሞክራችሁት ካላወቃችሁ አትፍረዱብኝ። ጋቢው አንዴ ተንቀሳቀሰ፣ አንዴ ደግሞ በረጅሙ ተነፈሰ። ማንም «ምን ሆንክ» አላለውም። በልተን፣ አመስግነን፣ ወጣን።

ውባለም ዓርብ ጠዋት ተመዘገበች። ሐሙስ ማታ ለባሏ መሶብ ውስጥ ያስቀመጠችው ድርሻ ጠዋት አልነበረም ብላ ነገረችኝ። ድመት የላቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት አለባቸው ዝናብ እያንጠባጠበ ቤቴ መጣ። ስለ ትምህርቱ ሊሟገተኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ትምህርቱን ከነጭራሹ አላነሣውም።

«ጋሼ፣ ስንት ዘመን በኖርኩበት ቤት አንድ ሰው እንኳ ብላ ሳይለኝ ይቅር?» አለኝ። «አንቱም እንኳ ቁጭ ብለው በሉ።» ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ እውነት ለመናገር አሳዘነኝ። ማዘኔም መልሶ አናደደኝ።

ባለቤቴ ትኩስ የድንች ቅቅል አቀረበችልን። «አይ፣ እኔ በልቼ ነው የመጣሁት» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ባለቤቴ አየችኝ፣ አየኋት። «በሞቴ» የምትለዋ ቃል ጥርሴ ጋ ደርሳለች። ዕድሜዬን ሙሉ እንግዳ ሳልለምን አብልቼ አላውቅም፤ እናቴ ብትሰማ መቃብሯ ውስጥ ትገላበጣለች። አንድ ድንች አነሣሁ፣ ልጣጩን ቀስ ብዬ ላጥኩ፣ ጎረስኩ። ሁለተኛውን አነሣሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የድንቹ እንፋሎት እየሳሳ ሄደ።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ፣ «ሚጥሚጣውን ያቀብሉኝ።»

ከተዛመድን ጀምሮ ይህ ሰው የሚፈልገውን ነገር በገዛ አፉ ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አቀበልኩት።