የጋሽ ማመልከቻ ፎርም

ትናንት፣ ሐምሌ ሠላሳ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ይመር እንድሪስ ሕልም አየ። ሕልም የሌሊት ብቻ ነው ያለ ማን ነው? ግብር ቢሮ ወረፋ ይዞ የተቀመጠ ሰው በቀንም ያልማል፤ ያውም የያዘው ቁጥር መቶ አሥራ ሁለት ሆኖ የተጠራው ገና ሠላሳ ዘጠኝ ከሆነ።

ይመርን በስሙ ብትጠይቁ በከተማችን የሚያሳያችሁ የለም። ጋሽ ማመልከቻ በሉ፤ ያገኛችሁት ሰው ሁሉ እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከግብር ቢሮው አጥር ሥር ጃንጥላ ተክሎ የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ፣ የሰው ፎርም ሲሞላ የኖረ ሰው ነው። የማን እናት ማን እንደምትባል፣ ማን በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተወለደ፣ የማን ንግድ ፈቃድ መቼ እንደሚያልቅ ከባለቤቶቹ ይልቅ እሱ ያውቃል። ታሞ ወይም ጉልበቱ ከድቶት መሰለፍ ያቃተው ባለ ጉዳይ ሲያጋጥመው ደግሞ አንጀቱ አይችልም፤ ፎርሙን ይዞ ይሰለፍለትና መስኮቱ ላይ ሲደርስ "እኔ ነኝ" ይላል። ባለፈው ሳምንት እንኳ ሪህ ለያዘው ለባለ ወፍጮው ብሎ "ሙሐባው እኔ ነኝ" ሲል ተይዟል።

ዘንድሮ ግን ጉዳዩ የራሱ ሆነ። ከአጥሩ ሥር የሚሠራ ሁሉ እስከ ሐምሌ ሠላሳ የግብር ፋይል ከፍቶ የዓመት ገቢውን ካላሳወቀ ከቦታው ይነሣል ተባለ። ይመር ከዚያ ቦታ ከተነሣ የት ይሄዳል? ሌላ ሙያም የለው፣ ሌላ ጥግም የለው። የመታወቂያውን ኮፒ አስነሣ። የመኖሪያ ማረጋገጫውን ራሱ ጽፎ ቀበሌውን ማህተም አስመታ። ጺሙን ተላጭቶ፣ ሠላሳ ዓመት ከራሱ ያልወረደችውን ባርኔጣ አውልቆ ጉርድ ፎቶ ተነሣ፤ ፎቶውን ሲቀበል ራሱም "ይሄ ደግሞ ማነው?" አለ። ብቻ ሁሉም ተሟላ። አንዲት መስመር ባዶዋን ቀረች። "የእናት ሙሉ ስም" ትላለች።

እናቱ የሞተችው የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ታከለች ይሏት ነበር፤ እሱም ቢሆን ስሟ አይደለም። በእነሱ አገር ሙሽራ ስትገባ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ በቤታችን ላይ ታከለችልን ሲሉ ታከለች አሏት። በአባቷ ቤት ማን ትባል እንደነበር፣ አባቷስ ማን እንደነበሩ የሚያውቅ አንድ ሰው አልተረፈም። የአክስቱ ልጅ ዘንድ ቢደውል "እኛማ የምናውቃት ታከለች ስትባል ነው" ብላው ዐረፈች። ጉዳዩ የደንበኛው ቢሆን ኖሮ "ያልተሞላ ቦታ ያስመልስሃል፤ በውሸት የተሞላ ደግሞ ያስከስስሃል" ይለው ነበር። ለራሱ ምን ይበል? ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጣ። አራተኛው ቀን የመጨረሻው ቀን ሆነና፣ ፎርሙን በብብቱ ይዞ የቢሮው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ዓይኑ ከዳው።

በሕልሙ የቢሮው በር ላይ ነበር። ጥበቃው ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

"ፈትሸኝ" አለው ጥበቃው።

"እኔ?"

"አንተ እንጂ። ባለ ጉዳይ ሳይፈትሸኝ ከዋልኩ ከሥራ እባረራለሁ።"

ይመር ፈተሸው። ግማሽ ዳቦና አምና የጠፋችበትን የራሱን እስክሪብቶ አገኘ። "ይቺ የኔ ናት" ሲል ጥበቃው "በል ማስረጃ አምጥቼ እመልስልሃለሁ፤ እስከዚያ አንተው ዘንድ ትቀመጥ" አለውና አለፈ።

ውስጥ ሲገባ ሠራተኞቹ በሙሉ ወረፋ ላይ ናቸው። ባጃቸውን አንገታቸው ላይ፣ ፖስታቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ከመስኮቶቹ ጀርባ የተቀመጡት ባለ ጉዳዮቹ ናቸው። ዋናው መስኮት ላይ ሽንኩርት ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘሀራ ቆሎ እየቆረጠመች ትታያለች።

"ሲስተም የለም" አለች ዘሀራ።

"የት ሄዶ?" አለ የቢሮው ኃላፊ ከወረፋው ጭራ።

"ለቅሶ። አጎቱ ሞቶበታል። ሦስተኛውን ቀን ሳያወጣ አይመለስም።"

ኃላፊው "አላህ ያጽናው" ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

አንዲት ልጅ የይመርን እጅጌ ያዘች። ሐያት ናት፤ መስኮት ሦስት ላይ የምትሠራዋ። ይመር በእውኑም ፊቷን አይቶ አያውቅም፤ የመስኮቷ መስታወት ከላይ እስከ ታች ማስታወቂያ ተለጥፎበት ወረቀት የሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረችው። በሕልሙም ያወቃት ቀለም በነካው አውራ ጣቷ ነው።

"ጋሼ፣ ሐያት ስለመሆኔ ምስክር አምጪ አሉኝ። እባክዎ ይመስክሩልኝ።"

"ልጄ፣ እስከ ክንድሽ ድረስ እመሰክራለሁ። ከዚያ በላይ አላውቅሽም፤ በሐሰት አልመሰክርም።"

"እስከ ክንድ ይበቃል" አለች ዘሀራና ማህተሙን መታች። ሐያትም እስከ ክንዷ ሐያት ሆና ወጣች። የቀረው ነገ ይመለስ ተባለ።

ወዲያው የመዝገብ ቤቱ በር ተከፈተና ፋይሎቹ በእግራቸው ወጡ። "ባለቤታችንን ያያችሁ" እያሉ ያለቃቅሳሉ። ይመር አንጀቱ አልቻለም፤ አንድ በአንድ ያናግራቸው ጀመር። "አንተ የሙሐባው ነህ፤ እናቱ ዘምዘም አራጋው። ሪህ ይዞታልና ቤቱ ሂድለት። አንተ የዘሀራ ነህ፤ መስኮቱ ውስጥ አለችልህ፣ ቆሎዋ ሳያልቅ ድረስባት።" ምን አለፋችሁ፣ አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ድረስ ሁሉንም ለባለቤታቸው አደረሰ። ጥጉ ላይ አንዲት ዝናብ የመታት ቅጠል ወረቀት ብቻ ቀረች።

"አንቺስ የማን ነሽ?" አላት።

"ያንተ ሳልሆን አልቀርም። ግን ማረጋገጥ አለብኝ። እናትህ ማን ትባላለች?"

ይመር አፉን ከፈተ። ዘምዘም አራጋው መጣችለት። ከእሷ ቀጥሎ የባለ ሻይ ቤቱ እናት፣ የልብስ ሰፊው እናት፣ የጎማ ጠጋኙ እናት መጡ። የከተማው እናት ሁሉ ምላሱ ላይ ተሰልፋ የራሱ የለችም። እዚያው ቆሞ አለቀሰ፤ አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ግን አለቀሰ።

በዚህ መሐል አንድ ረጅም ሰውዬ ጆንያ ተሸክሞ ገባ። ከጆንያው አፍ ደብዳቤ ይፈስሳል።

"ጋሽ ማመልከቻ የምትባለው አንተ ነህ?"

"ነኝ። አንተስ?"

"የሚመለከተው ሁሉ እኔ ነኝ።"

ይመር ባርኔጣውን አወለቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በደብዳቤ አናት ላይ "ለሚመለከተው ሁሉ" እያለ ሲጽፍለት ኖሯል፤ ሰውየው በሕይወት አለ ብሎ ግን አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

"ለመሆኑ ይደርስሃል?"

"አንድም ሳይቀር። የወፍጮው፣ የጡረታው፣ የአጥሩ ክርክር፣ ሁሉም ደርሶኛል። ካንተ ግን ምንም አልመጣ። ይሄ ሰው ምንም አይፈልግም ብዬ ተውኩህ።"

"የእናቴን ስም እፈልጋለሁ" አለ ይመር።

"እስከ ዛሬ ምን ይዞህ ነው የማትጠይቅ? ውጭ ተቀምጣ ስትጠብቅህ ስንት ዘመኗ።"

ይመር ሮጠ። ጃንጥላው እንደተተከለ ነው፣ ዝናቡም ይወርዳል። ደንበኛ የሚቀመጥባት ዱካ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች፤ ጸጉሯ ቅቤ ጠጥቷል፣ እግሯን ጭቃ ነክቶታል። ዕድሜዋ ሃያ አምስት ቢሆን ነው፤ በዕድሜ የእሱ ልጅ ልትሆን ትችላለች። አወቃት። ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባውና የሚያውቀውን አደረገ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ እስክሪብቶውን አነሣ።

"ሙሉ ስም ከነአያት" አላት።

"ሰላምታ የለም እንዴ ልጄ?"

"ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፣ እናቴ።"

"እንደሱ ከሆነ መጀመሪያ ያንተን ንገረኝ። ሰው ምን ብሎ ይጠራሃል?"

"ጋሽ ማመልከቻ።"

ሳቀች። "እኔን ታከለች አሉኝ፣ አንተን ማመልከቻ። ይሁን፣ ክፉ ስም አይደለም። ይመር ብዬ ያወጣሁልህ ግን እኔ ነበርኩ። በዚያ ስም የሚጠራህ አንድ ሰው የለም?"

"የለም" አለ።

"ግድ የለም። በል የኔን ጻፍ፤ አንድ ጊዜ ነው የምነግርህ።"

ጠጋ አለችው። የወተት ሽታ ሸተተው። የእስክሪብቶው ጫፍ ባዶዋን መስመር ነካ። እናቱ አፏን ከፈተችና፣

"መቶ አሥራ ሁለት!" አለች።

ይመር ነቃ። የቢሮው ድምፅ ማጉያ ሁለተኛ ጊዜ "መቶ አሥራ ሁለት፣ መስኮት ሦስት" ሲል እግሩ ተሳስሮ ተነሣና ወረቀቶቹን በቀዳዳዋ አሳለፈ። ቀለም የነካው አውራ ጣት ተቀበለው።

"ጋሽ ማመልከቻ ነዎት፤ ይሄን የእጅ ጽሑፍ መች አጣዋለሁ" አለች ሐያት። መታወቂያውን አየች፣ የመኖሪያ ማረጋገጫውን አየች፣ ገቢውን አየች። ጣቷ እየወረደች ባዶዋ መስመር ላይ ደረሰች። ጣቷ አለፈች።

"ልጄ፣ የእናት ስም ያለችው መስመር..."

"እሷን ይተዋት ጋሼ። ሲስተሙም አይጠይቃት፣ ማንም አያያት።"

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስ አላለውም።

"ሁሉም የተሟላ ነው" አለች ሐያት። "ግን ጋሼ፣ ባለፈው ተነጋግረን አልነበር? ለሰው መሙላት ይችላሉ፤ ማስገባት አይችሉም። ይሄ ይመር እንድሪስ የሚባለው ሰውዬ ራሱ ይምጣ።"

"ይመር እኔ ነኝ።"

ከመስታወቱ ጀርባ ሳቅ ተሰማ፤ ክፋት የሌለበት ሳቅ። "ባለፈው ሳምንት ሙሐባው ነኝ አሉኝ። ከዚያ በፊት ወይዘሮ ዘሀራ ነኝ ሊሉኝ ምንም አልቀረዎት።"

"ወላሂ እኔ ነኝ። ፎቶውን እይው።" ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋ፤ ቀዳዳዋ ጠባብ ናትና ከፎቶው ወዲህ ጺም መልሶ ካበቀለው አገጩ በላይ አላስገባችውም።

"ይኸው፣ እርስዎ ጺም አለዎት። ፎቶው ላይ ያለው ጺም የለው፣ ባርኔጣ የለው። አንድ ቀንም አይቼው አላውቅ።" ወረቀቶቹን መልሳ እጁ ላይ አኖረችና እጁን ቸብ ቸብ አደረገችው። "አይከፉብኝ፤ አለቆቼ ተቆጥተውኛል። ለእርስዎ ስል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መስኮቴን አልዘጋም። ሰውየውን ፈልገው ይላኩልኝ።"

ማጉያው መቶ አሥራ ሦስትን ጠራ።

ይመር ወጣ። በእውኑም ዝናብ ይወርዳል። ጃንጥላው ሥር ሲደርስ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልሆነለትም፤ የደንበኛ ዱካዋ ላይ ተቀመጠና ከጠረጴዛው ማዶ ባዶዋን ወንበሩን ያይ ጀመር። ሙሐባው በከዘራው እያነከሰ በዚያ ሲያልፍ አየው።

"ጋሽ ማመልከቻ፣ ምነው እዚህ? ሰው እየጠበቁ ነው?"

"አዎ" አለ። "ይመር የሚባል ሰው። ድንገት ታውቀው እንደሆነ?"

ሙሐባው ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። አያውቀውም።